የልጅቷ ሕልም ሲለወጥ

የተከበራችሁ የብዕር ባልደረቦቼ፣

ልብ ወለድ ውስጥ የምታድግ ልጅ ሕልሟን የምትለውጠው ለምንድን ነው? በብዙ ረቂቆች መልሱ «ዕድሜዋ ስለጨመረ» ነው። ምዕራፍ 3 ላይ የ10 ዓመት ልጅ ናት፤ ዘፋኝ መሆን ትመኛለች። ምዕራፍ 4 «ከአምስት ዓመት በኋላ» ብሎ ሲከፈት ሕግ ልታጠና ቆርጣለች። ታሪኩ ግን የነበረው በተዘለሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ነበር።

ሕልም የሚለወጠው ዋጋው ሲታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመውን የሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪን ልብ ወለድ «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» አስታውሱ። ወላጅ አልባዋ ባለታሪክ አን ደክማ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታለች። ያሳደጋት ማቲው ይሞታል፤ አብራው ያሳደገቻት የእህቱ የማሪላ ዓይን እየደከመ ይሄዳል፤ ቤቱም ሊሸጥ ነው። አን ዕድሉን ትታ ለማስተማር ትቀራለች። የምናምናት የምታጣውን አንድ በአንድ ስላየን ነው። ደግሞም ትምህርቱን እቤት ሆና ልትቀጥል ታስባለች፤ የፊተኛው ሕልም መልኩን ቀየረ እንጂ አልሞተም።

እስቲ አንድ ዕቃ ምረጡና በሦስት ዕድሜ ወደ እሱ መልሷት። መስኮት ይሁን። በ9 ዓመቷ ወለል አድርጋ ከፍታው ትዘፍናለች፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማት ትፈልጋለች። በ13 ዓመቷ ከውጭ ሳቅ ትሰማለች፤ በማን እንደተሳቀ ሳታጣራ ትዘጋዋለች። በ16 ዓመቷ ለታመመች እህቷ ቀስ ብላ ስታዜም፣ እህቷ «ክፈቺው» ትላታለች። እዚህ ላይ «ያን ጊዜ ገባት» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ትንሽ ይቆይ።

ቋንቋዋም ያጋልጠናል። የ9 ዓመት ልጅ «ብቸኝነት ተሰማኝ» አትልም፤ «ማንም አልጠራኝም» ነው የምትለው። በ13 ዓመቷ ከትልልቆች የሰማችውን ቃል ያለቦታው ትከተዋለች። በ16 ዓመቷ ቃሉን እያወቀችው ትተወዋለች። ተራኪዋ አድጋ ወደ ኋላ የምታወራ ከሆነች ቃላቱ የትልቅ ሰው ቢሆኑ ግድ የለም፤ የያኔውን የተሳሳተ ግምቷን ግን አታርሙባት።

አያት ወይም አስተማሪ ሁለት ገጽ መክረው የሚያቃኗት ታሪክ በጣም ያሳዝነኛል፤ ውሳኔዋን ይቀሟታል። እሷው ትሳሳት፣ የምትወደውንም ሰው ታስቀይም፤ ቅያሜው በይቅርታ ወዲያው አይሻር።

ዛሬ ማታ ረቂቃችሁን ስትከፍቱ አንድ ቦታ ፈልጉ፦ «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስትባል እውነተኛ ሕልሟን ደብቃ ሌላ የምትመልስበትን። ከሌለ፣ ቀጣዩን ትዕይንት ከመጻፋችሁ በፊት እሱን ጻፉ።

አመሰግናለሁ።