የዝንጅብል ጭማቂና የማይታዩት ከረጢቶች

እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማራገቢያውም እንደምታዩት እየተለመነ ነው የሚዞረው። ጁስ ቤት ያላችሁ፣ ቅመም የምትሸጡ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላድርግ። ይህ ዝንጅብል ዛሬ ጠዋት እዚሁ ድሬዳዋ ከከፊራ ገበያ የተገዛ ነው። ልጬ ፈቅፍቄዋለሁ። አሁን በዚህ ንጹህ ጨርቅ እጨምቀዋለሁ። እንዲህ። ብርጭቆዋን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቻታለሁ፣ ማንም እንዳይነካት። በተለይ ፊት ለፊት የተቀመጥከው፣ ጉንፋን የያዘህ ወንድሜ፣ ዓይኔ አንተ ላይ ነው።

የዛሬው ርዕስ ከተክል የሚገኙ ናኖ ቅንጣቶች ይባላል። ስሙ ያስፈራል። ነገሩ ግን ካሮት ስንቆረጥም፣ ሎሚ ስንጨምቅ አብሮን የኖረ ነው። አንድ ሚሊሜትርን ለ1 ሚሊዮን ብትከፍሉት አንዷ ክፋይ ናኖሜትር ትባላለች። የጸጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ነው እንበል። እኔ የምነግራችሁ ከረጢቶች ደግሞ ከጥቂት አስር እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ናቸው። ባለ 100ዎቹን ብንወስድ፣ አንዲት ጸጉር ወርድ ላይ 800 ያህሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ።

ከረጢት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ዙሪያቸው ስስ የስብ ሽፋን ነው። ውስጣቸው ፕሮቲን አለ፣ የተክሉ የራሱ ቅመሞች አሉ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ አጫጭር መልእክቶችም አሉ። ተክል እግር የለው፣ አፍ የለው። ሻጋታ ሲያጠቃው መልእክቱን በእነዚህ ከረጢቶች ጠቅልሎ ወደ ጠላቱ ይልካል፣ የሻጋታውንም ጉልበት ያዳክማል። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የካሮት ህዋሶችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ከረጢቶችን እ.ኤ.አ. በ1967 ጽፈዋል። ከዚያ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተኛ። በ2013 ከወይን የተወሰዱትን አይጦች እንዲውጡ ተደረገ። ከረጢቶቹ አንጀት ድረስ ዘለቁ፤ አንጀትን የሚያድሱትን ህዋሶችም አነቃቁ። በ2018 ደግሞ ተራው የዝንጅብል ሆነ። የዝንጅብሉን ከረጢት አንጀት ውስጥ ማን እንደተቀበለው ታውቃላችሁ? ላክቶባሲለስ። እርጎ ውስጥ የምናውቃቸው የባክቴሪያ ዘመዶች ናቸው። ባክቴሪያው መልእክቱን ተቀበለ፣ ሥራውን ቀየረ፣ ያመረተው ነገርም የአንጀትን ግድግዳ አጠናከረ። የአይጦቹ የአንጀት ቁስለት ቀለል አለ። እንግዲህ ዝንጅብሉ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከተከራዮቻችን ጋር ነው የተነጋገረው ማለት ነው።

አይጦች ነው ያልኩት። ደግሜ እለዋለሁ፣ አይጦች። በሰው ላይ የተሠራው ገና ጥቂት ነው።

ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት ነገርም አለ። ዝንጅብል ብሌንደር ውስጥ ሲገባ ህዋሱ ይቀደዳል። የተቀደደው የስብ ሽፋን ውሃ ውስጥ ብቻውን አይቆምም፣ ተጠቅልሎ ክብ ይሆናል። ታዲያ ያገኘነው ተክሉ በፈቃዱ የላከው ከረጢት ነው ወይስ ብሌንደሩ የፈጠረው? ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ በጥንቃቄ ስሙ ላይ «መሰል» የምትል ቃል የሚጨምሩበት።

እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ትክክለኛው ሥራ ከምድር ስበት 100,000 እጥፍና ከዚያ በላይ ጉልበት የሚፈጥር ሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ ማሽን ይፈልጋል፣ ለዚያውም ቅዝቃዜ ውስጥ። እኔ ያገኘሁት ትንሿን ነበር። ጭማቂውን በአንድ በኩል ሞላሁ፣ በሌላ በኩል እኩል ማመዛዘን ረሳሁ። ማሽኑ እንደ አሮጌ ባጃጅ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው መብራት ሄደ። መብራት ባይሄድ ኖሮ ማሽኑ ተሰብሮ ዋጋውን እከፍል ነበር። ክዳኑን ስከፍት ግድግዳው ሁሉ ዝንጅብል ሆኗል። ለሦስት ቀን የገባ ሁሉ «ማን ነው ሻይ ያፈላው?» ይል ነበር።

ለምግብ ምን ይጠቅማል? እርድን ውሰዱ። በውሃ ብትበጠብጡት አይሟሟም፣ ጣታችሁን ቢጫ አድርጎ ግርጌ ይተኛል። ኩርኩሚን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገርም አንጀት ላይ ብዙ አይመጠጥም። ከረጢቱ ግን የስብ ቤት አለው። ኩርኩሚኑን እዚያ አስገብቶ እንደ ጭነት መላክ ይቻላል፣ ሙከራዎቹም ተጀምረዋል። ጥሬ ዕቃው ደግሞ ከጁስ ቤቶቻችን ጓሮ አይጠፋም። የምንጥለው የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ማንጎ ሲጨመቅ የሚቀረው ጭማቂ አልባ ክር አለ። እኔ ቢሆን ጥናቱን ከዚያ እጀምር ነበር።

ግን ድሬ ነን አቦ! ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ከረጢቶቹ ሲቀመጡ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በረዶ ሆነው ሲቀልጡ ደግሞ ሊፈነዱ ይችላሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ወይ ከዜሮ በታች በጣም ዝቅ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ፣ ወይም ትሬሃሎስ ከሚባል ስኳር ጋር ይደርቃሉ። መብራት ሄዶ ፍሪጁ ሲሞቅ ምን እንደሚሆኑ እናንተ ገምቱ። ስለዚህ «ናኖ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን እሽግ ዱቄት ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ሱቅ የሚያነሳ ሰው፣ የሚገዛው ስሙን ነው።

ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ያለ እሽግ ይዛ መጣች። «ክኒኔን ልተወው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እህቶቼ፣ ክኒን የሚተወው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። ተፈጥሯዊ ማለት ሁሌም የዋህ ማለትም አይደለም። ግሬፕፍሩት አንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶችን ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ያበዛል። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱም ዝንጅብል ስታበዙ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይቀላቀልባችሁ። በተክል ቅጠል ጭማቂ የሚሠራ የብር ናኖ ቅንጣት አለ። እሱ ከብር ማዕድን የተሠራ ነው፣ የስብ ከረጢት አይደለም። ዛሬ የተናገርኩት ስለ እሱ አይደለም።

አሁን ብርጭቆዋን እዩልኝ። ግርጌዋ ላይ ነጭ ነገር ተኝቷል አይደል? እሱ ስታርች ነው፣ እንደ ገንፎ ዱቄት። ከላይ ያለው ገና ድፍርስ ነው፣ ቢጫ ነው። ከረጢቶቹ ካሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ እስከ ነገ ብንጠብቅም በራሳቸው አይዘቅጡም።

ወንድሜ፣ አሁን መጠጣት ትችላለህ። ማር እዚያ ጋ አለ።