10 ቀን፣ 7 ከተማ፦ እስቲ ቁጭ ብለን እንቁጠረው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ቅዳሜ ማታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግማሾቻችሁ ቀጥታ ከሥራ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ላይ ይታያል፣ ስለዚህ ላለማስረዘም እሞክራለሁ። ኮሚቴው "ስለ ሰመር ጉዞ የሆነ ነገር በለን" ሲለኝ እኔ እኮ ትራቭል ኤጀንት አይደለሁም አልኳቸው፣ "ለዛም ነው አንተን የጠየቅነው፣ ትኬት አትሸጥብንም" አሉኝ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ሊስት ላከልኝ። ሰውየው እዚሁ ሶስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፣ አስፈቅጄዋለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። ሊስቱ ሮም፣ ቬኒስ፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት፣ ለንደን ይላል። ከስር ደግሞ "10 ቀን አለን፣ ይበቃናል አይደል?"

ደወልኩለትና እሺ እንቁጠረው አልኩት። አርብ ማታ ከሥራ ወጥታችሁ ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ትነሳላችሁ፣ እሱ አንድ ቀን ሆኖ ተቆጥሯል፣ ግን አውሮፕላን ውስጥ ናችሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሮም ሰዓት 3 ሰዓት ላይ ብትገቡ ሰውነታችሁ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው ያለው፣ ሆቴሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፍል የሚሰጣችሁ ከሰዓት 8 ወይ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ እስከዛ ድረስ ሻንጣ ሎቢ አስቀምጦ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ መዞር ነው። የመጨረሻው እሁድ መመለሻ ነው። ስለዚህ 10 ቀን ያልነው ነገር በአልጋ ሲቆጠር 8 አዳር፣ ሙሉ ቀኑ ደግሞ 7 ነው። 7 ከተማ ማለት በመሃል 6 ጊዜ ዕቃ ጠቅልሎ መነሳት ማለት ነው፣ አንዱ መነሳት በትንሹ ግማሽ ቀን ይበላል፣ 3 ቀን ሄደ። ለ7 ከተማ 4 ቀን ቀራችሁ። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ከዛ "እና ለንደንን ላውጣት?" አለኝ።

ግማሽ ቀን ስል አጋንኜ እንዳይመስላችሁ። ከሮም ፓሪስ በረራው 2 ሰዓት ነው፣ ሁሉም ሰው 2 ሰዓት ብሎ ነው ፕላን የሚያወጣው። ግን ከሆቴል መውጣት አለ፣ ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ እስከ ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት በፈጣኑ ባቡር 32 ደቂቃ አለ፣ ኤርፖርት 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ሴኩሪቲ፣ በረራው፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከፓሪሱ ሻርል ደጎል ኤርፖርት ወደ ከተማ ባቡር፣ ከዛ ሆቴሉን በጉግል ማፕ ፍለጋ። ከበር እስከ በር 6 ሰዓት፣ 7 ሰዓት። ልጆች ካሏችሁ እኔ ምንም አልልም።

ይሄንን የማውቀው አንብቤ አይደለም። የዛሬ 7 ዓመት እኔና ባለቤቴ በ9 ቀን 5 አገር እናያለን ብለን ወጣን። አባቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይል ነበር፣ እኛ ግን አፍሰን ለመልቀምም ጊዜ አላገኘንም። ከሮም ወደ ፓሪስ በ29 ዩሮ ትኬት አገኘሁና ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ያው እኛ ባዶ ሻንጣ ይዘን አንሄድም፣ ለአክስት ጫማ፣ ለአጎት ቫይታሚን፣ ለልጆች ሹራብ ምናምን ጭነናል፣ በሩ ላይ ልጅቷ ሻንጣዬን መጠን መለኪያው የብረት ሳጥን ውስጥ ክተተው አለችኝ፣ እንቢ አለ፣ ገፋሁት፣ እንቢ አለ፣ ከኋላዬ ሰልፉ እየሳቀ 65 ዩሮ ከፈልኩ። ትኬቱ ላይ ፓሪስ ይላል፣ ያረፍነው ግን ቦቬ የሚባል ቦታ ነው፣ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ አውቶቡሱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በማግስቱ ጠዋት ሉቭር ሙዚየም ሄድን። ማክሰኞ ነበር። ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው! የመስታወቱ ፒራሚድ ፊት ፎቶ ተነስተን ሄድን፣ ፎቶው ላይ ባለቤቴ እያየችኝ ያለችውን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። (የቫቲካን ሙዚየምም ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በስተቀር እሁድ እሁድ አይከፈትም፣ ያዙልኝ።)

በጣም የሚቆጨኝ ግን ሮም ነው። ያኔ ሮም ያደርነው አንድ ሌሊት ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ ሻንጣ እየጎተትን በሩጫ አቋረጥነው። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ነው፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደማለት። እነዚህ አምስት መቶዎች እነማን መሰሏችሁ? በፈረንጆቹ 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች! መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዛው ትንሽ ራመድ ብሎ አለ። እኔ ስለ ራስ አሉላ ስሰማ ያደግኩ ሰው ይሄን ሳላውቅ ባቡር አመለጠኝ እያልኩ በላዩ ላይ ሮጥኩበት።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ 4 አዳር አደረግነው፣ አባቴንም ከአዲስ አበባ አስመጣነው። አንድ ቀን ከሰዓት ምንም ፕላን ሳይኖረን ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የፋኦ ህንጻ ያለበት ማለት ነው። የአክሱም ሐውልት በፈረንጆቹ ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዛ ነበር፣ በ2005 አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ መልሰው አቆሙት። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ በሐውልቱ አጠገብ ነው ያለፈው፣ መጨረሻው የቆንስጣንጢኖስ ቅስት ጋር ነው፣ ከዛ ቅርብ ነው፣ በእግር 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አባቴ በከዘራው 25 ደቂቃ ፈጀበት። በየመሃሉ እየቆመ "እዚህ ጋ ነው ጥሎት የሄደው" ይላል፣ ማን ማንን እንደጣለ አልጠየቅኩትም፣ ደስ እንዲለው ተውኩት። ይሄ የትኛውም ሊስት ላይ አልነበረም፣ ከሰዓቱ ባዶ ስለነበረ ነው የተገኘው።

ወደ ቪዛ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቃጠለው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ ከ180 ቀን 90ውን ያለ ቪዛ ትቆያላችሁ። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ "ግሪን ካርድ እኮ አለኝ" ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው አውቃለሁ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ፣ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፣ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይሆንም፣ ለሰመር ቀጠሮ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የምታመለክቱት ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር ነው፣ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። ስለዚህ አዳራችሁን ሳትቆጥሩ የት እንደምታመለክቱ እንኳን አታውቁም። ለንደን ደግሞ ሼንገን ውስጥ የለችም፣ የራሷ ቪዛ አላት፣ የሼንገን ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ በመሃል ለንደን ደርሼ ፓሪስ እመለሳለሁ ብትሉ በሩ ተዘግቷል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁም ብትሆኑ ለእንግሊዝ ኢቲኤ የሚሉትን ፈቃድ ኦንላይን ቀድማችሁ መሙላት አለባችሁ።

ሌላው ዩቲዩብ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ዘመድ ነው። ወዳጄ ብራስልስ እህት አለችው። ፕላኑ ላይ "እህቴ፣ 2 ሰዓት" ብሎ ጽፏል። ሳቃችሁ አይደል? 8 ዓመት ያላያት እህቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ቡናው እስከ በረካ ሳይደርስ ማን ሊያስወጣው ነው! አቦሉ ላይ ብድግ ቢል ጉዱ ነው የሚፈላው፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ይነገርበታል። ዘመድ ያለበት ከተማ ሙሉ ቀን ነው፣ በቃ፣ ሙዚየም ምናምን አብራችሁ አትጻፉ።

መጨረሻ ላይ ከወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ያወጣነው እንዲህ ሆነ። ሮም 4 አዳር፣ ፓሪስ 4 አዳር፣ ዕቃ ጠቅልሎ መነሳት አንድ ጊዜ ብቻ። ትኬቱን መግቢያ ሮም መውጫ ፓሪስ አድርጎ ገዛ፣ ወደ ሮም መመለስ ቀረለት። ከፓሪስ ብራስልስ በፈጣኑ ባቡር 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፣ ሻንጣውን ሆቴል ትቶ ጠዋት ሄዶ የእህቱን ዶሮ በልቶ ማታ ይመለሳል። ቀድሞ ነው የቆረጠው፣ የባቡሩ ዋጋ ቀኑ ሲቀርብ ይወደዳልና። ባለቤቱ ገና ዜግነት ስላልወሰደች ቪዛ ያስፈልጋታል፣ 4 ለ4 እኩል ስለሆነ በመግቢያው ለጣሊያን አመለከተች። በ8 አዳር 3 አገር ማለት ነው፣ ጥሩ ነው እኮ!

አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ አለ። ባለቤቱ ቬኒስን አልለቅም ብላለች። ከሮም ቬኒስ ፈጣኑ ባቡር 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 8 ሰዓት ባቡር ላይ። እሱ አይሆንም ይላል፣ እሷ ሳንድዊች ቋጥረን እንሄዳለን ትላለች፣ ትናንት ማታ ሁለቱም ለየብቻ ደውለው ንገርልኝ አሉኝ፣ እኔ የለሁበትም። ቡናው ተቆልቶ እየዞረ ነው መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። ጥያቄ ያላችሁ ፓስፖርትና ካላንደር ይዛችሁ እዛ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ጋ ኑ።