የጎሪዚያ ኮንቶች፦ በጋብቻ የተነሣና ያለ ወራሽ የጠፋ ቤት

የተከበራችሁ አድማጮች፣

የምናገረው ዛሬ ኦስትሪያ፣ ጣሊያንና ስሎቬኒያ በሚጋሩት የአልፕስ ምድር እስከ 1500 ስለ ገዛው የጎሪዚያ ኮንቶች ቤት ነው። ኮንት የአውሮፓ መኳንንት ማዕረግ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የዚህን ቤት ዕጣ የወሰነው ከጦር ሜዳ ይልቅ ጋብቻና የውርስ ውል ነው።

የትሬንቶና የብሪክሰን ጳጳሳት ሰፊ ጉልት ነበራቸው። ካህን ግን ደም የሚያፈስስ ፍርድ መስጠት ስለማይፈቀድለት፣ ፍርዱንና ጦሩን ለመኳንንት ባላደራ ይሰጡ ነበር። ባላደራነቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ፣ ጉልቱ በስም የጳጳሱ፣ በተግባር የባላደራው ሆነ። የአልፕሷ ግዛት የቲሮል ኮንት አልበርት ሦስተኛ ይህን ሥልጣን በሁለቱም ሀገረ ስብከቶች ከያዘ በኋላ በ1253 ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ልጁ አደልሃይድ የጎሪዚያውን ኮንት ማይንሃርድን አግብታ ስለነበር፣ የርስቱ ትልቁ ድርሻ በእሷ በኩል ወደ ጎሪዚያ ቤት ገባ።

በ1271 ልጆቿ ርስቱን ተካፈሉ። ማይንሃርድ ሁለተኛ ቲሮልን፣ አልበርት ጎሪዚያንና የፑስተርን ሸለቆ ወሰዱ። ማይንሃርድ ብርቱ አስተዳዳሪ ነበር። ዕዳ የያዛቸውን መኳንንት ርስት ይገዛል፤ ሥልጣኑን ለልጅ በማያወርሱና ሒሳብ በሚያስረክቡ ሹማምንት ያስተዳድራል። እስከ ዛሬ የተረፉት የሒሳብ መዛግብት ከ1288 ይጀምራሉ። በሜራን ከተማ ያስመታው የብር ሳንቲም በአንድ ወገን ንስር፣ በሌላው ድርብ መስቀል ነበረበት፤ ዋጋውም 20 የቬሮና ፔኒ ነበር። የብሬነርን የአልፕስ መተላለፊያ የሚያቋርጥ ነጋዴ በከረጢት ሙሉ ደቃቅ ፔኒ ፈንታ በጥቂት ሳንቲም ይገበያይ፣ ቀረጡንም ይከፍል ጀመር። በ1286 ማይንሃርድ ዛሬ በደቡብ ኦስትሪያ ያለችው የካሪንቲያ መስፍን ተባለ።

ከዚያ በኋላ ወንድ ልጅ ጠፋ። ከእሱ በኋላ ሦስት ልጆቹ ቢገዙም ወንድ ወራሽ አልተረፈላቸውም። የመጨረሻው፣ ሃይንሪክ፣ በ1335 ሲሞት ካሪንቲያ ኦስትሪያን ለሚገዛው ለሃብስቡርግ ቤት ሆነች፤ ቲሮል ግን ለልጁ ለማርጋሬት ቀረች። ማርጋሬት በ1341 ባሏን ዮሐን ሃይንሪክን ከአደን ሲመለስ የግንቡን በር ዘግታ አባረረችው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከባቫሪያ መሳፍንት ቤት ሌላ ባል አገባች። አንድ ልጇ ማይንሃርድ በጥር 1363 ሲሞት፣ በዚያው ወር ቲሮልን ለሃብስቡርጉ ሩዶልፍ አራተኛ አስረከበች። የባቫሪያ መሳፍንት በቲሮል ላይ የነበራቸውን ጥያቄ የተዉት በ1369፣ 116,000 ጉልደን (የወርቅ ሳንቲም) ተከፍሏቸው ነው።

በጎሪዚያ የቀረው ቅርንጫፍ ከዚህ በኋላ 137 ዓመት ቆየ። በእኔ እምነት ቤቱን ያዳከመው የ1271ዱ ክፍፍልና ከእሱ በኋላ የመጡት ክፍፍሎች ናቸው። ሃብስቡርጎችም ርስት ይካፈሉ ነበር፤ ነገር ግን ወራሽ የሚሆን ዘመድ አልጠፋባቸውም። ጎሪዚያዎች በ1374 ኢስትሪያን አጡ፤ በ1420 ቬኒስ ፍሪዩሊን ስትይዝ ኃያል ጎረቤት ሆነችባቸው። የባሰው በ1456 መጣ። በዛሬዋ ስሎቬኒያ ያለችው የሴሊዬ ኮንት ኡልሪክ ቤልግሬድ ላይ ሲገደል የጎሪዚያው ኮንት ዮሐን ውርሱ ይገባኛል ብሎ የሃብስቡርጉን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛን ተዋጋ፤ ተሸንፎም በ1460 በፑዛርኒትስ የሰላም ውል የካሪንቲያ ይዞታውን አስረከበ።

የመጨረሻው ኮንት ሊዮናርድ ከማንቱዋ ገዢዎች ቤት ፓዎላ ጎንዛጋን አገባ፤ ወራሽ ግን አልተረፈላቸውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1500 በሊየንትስ ሲሞት፣ ቬኒስ ጎሪዚያ የእኔ ጉልት ናት ብትልም፣ አስቀድሞ የውርስ ውል የነበረው የሃብስቡርጉ ማክሲሚልያን አገሩን ያዘ። በ1501 የሊየንትስን ግዛት በ22,000 ጉልደን ለሚካኤል ፎን ቮልከንሽታይን ሸጠው።