ዕዳው፣ ዕድሜውና ዲግሪው፦ እንግሊዝ አገር ስለ መማር ለጠየቃችሁን

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ ስለ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነው የጠየቃችሁት። መልሶቼ የእንግሊዝን ደንብ የሚመለከቱ ናቸው። ስኮትላንድ የምትኖሩ፣ የእናንተ ሌላ ነው። እዚያ የአገሩ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪው አይከፍልም።

አንዲት እናት ከለንደን፦ «ልጄን ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉት። ግን በ2025/26 ዋጋ በዓመት 9,535 ፓውንድ ብድር ነው፣ የኑሮው ሲጨመር ደግሞ ሌላ። እኔ የሰው ገንዘብ እፈራለሁ። መክፈል ቢያቅተው እኔን ይይዙኛል?»

በፍጹም። እርስዎ ተያዥ አይደሉም። ገቢዎን የሚጠይቁት ለኑሮው የሚሰጡትን ብድር ልክ ለመወሰን ነው። ልጅዎ ተመርቆ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካላገኘ ምንም አይከፍልም። ካገኘም የሚቆረጥበት ከዚያ በላይ ካለው ላይ 9 በመቶ ነው። ደመወዙ 30,000 ቢሆን በዓመት 450፣ በወር 37 ፓውንድ ተኩል ማለት ነው። እንደ ታክስ ከደመወዙ ይነሳል። ሥራ ቢያጣ ይቆማል። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል።

ግን አልዋሽዎትም፣ ይህች 40 ዓመት ትከነክነኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለገቡት 30 ነበረች፤ ወደ 40 ያሳደጓት ከኦገስት 2023 ወዲህ ለጀመሩት ነው። እስከ 1998 ድረስ እኮ ትምህርቱ በነፃ ነበር። መጀመሪያ 1,000 ፓውንድ አሉ፣ በ2006 3,000፣ በ2012 9,000። እንዲያም ሆኖ በእኔ ይሁንብዎ፣ ዕዳ ፈርተው ልጁን አያስቀሩት።

የአውቶቡስ ሾፌር ከሊድስ፦ «47 ዓመቴ ነው። አገር ቤት በታሪክ ተመርቄያለሁ። እዚህ አካውንቲንግ ልማር ስል ዲግሪ ስላለህ ብድር አይገባህም ተባልኩ።»

ወንድሜ፣ ይህን ታሪክ ስንቴ ሰማሁት! ደንቡ ዲግሪ ያለው ሰው ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ብድር አያገኝም ይላል። እንደ ነርሲንግ ያሉ ጥቂት ሙያዎች ብቻ ናቸው የተለዩት። ዲግሪው ከአዲስ አበባም ይምጣ ከማንቸስተር፣ ልዩነት የለውም። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲማሩ መንግሥት ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ማንሳት የጀመረው በ2008 ነው። በ2012 ክፍያው ሲንር ሥራ እየሠሩ የሚማሩ አዋቂዎች ቁጥር ክፉኛ ወረደ። ይህ የሆነው አዋቂዎች እየሠሩ በርቀት የሚማሩበትን ኦፕን ዩኒቨርሲቲን በፈጠረች አገር ነው። ያንን ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም ብዙ የደከመችው የማዕድን ሠራተኛ ልጅ የሆነችው ሚኒስትር ጄኒ ሊ ነበረች። በ1969 ተቋቋመ፤ ሲከፈት ማንንም የመግቢያ ውጤት አልጠየቀም።

አሁን በሩ ሊከፈት ነው። በአዲሱ ደንብ መሠረት፣ እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ድረስ ለአራት ዓመት ትምህርት የሚበቃ ብድር ይፈቀዳል። በ2025/26 ዋጋ 38,140 ፓውንድ ነው። ማመልከቻው ሴፕቴምበር 2026 ይጀምራል፣ ለጃንዋሪ 2027 እና ከዚያ በኋላ ለሚጀምሩ ኮርሶች። ዲግሪ መያዝ ብቻውን አያስከለክልም። የሚቀነስብዎ ከዚህ በፊት ከዚህ አገር መንግሥት ወስደው ከሆነ ነው። እርስዎ የተማሩት ደግሞ አገር ቤት ነው!

ትምህርቱን በቁራጭ መውሰድም ይቻላል። የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 120 ክሬዲት ነው፣ በ30 ክሬዲት መጀመር ይችላሉ። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቁራጩ ግን መጀመሪያ ላይ ለተመረጡ ሙያዎች ብቻ ስለሆነ፣ ሳይመዘገቡ በፊት ኮርሱ ይካተት እንደሆነና የመኖሪያ ፈቃድዎ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ።

ወጣት ከበርሚንግሃም፦ «ወለድ ሐራም ነው። ሌላ መንገድ የለም?»

በ2017 የወጣው ሕግ ወለድ አልባ አማራጭ ፈቅዷል። እስካሁን ግን ሥራ ላይ አልዋለም፣ ይህ ያሳዝነኛል። አንተ የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ፈልግ። እየሠራህ ትማራለህ፣ ደመወዝ አለህ፣ የትምህርቱን ክፍያ አሠሪውና መንግሥት ይሸፍናሉ። ውድድሩ ከባድ ስለሆነ ቀደም ብለህ አመልክት።

እናት ከሼፊልድ፦ «12ኛን አልጨረስኩም። ነርስ መሆን እመኛለሁ።»

አክሰስ ኮርስ የሚባል አለ። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ 12ኛን ሳይጨርሱ ዩኒቨርሲቲ መግባት ለሚፈልጉ አዋቂዎች የተዘጋጀ። ለእሱ የሚወስዱት ብድር፣ ቀጥለው ዲግሪዎን ሲጨርሱ ይሰረዛል። ይህን የማያውቁ ብዙ እህቶች አሉን። የጥገኝነት ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቶ የስደተኛነት ወረቀት ካለዎት ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ብድር ሦስት ዓመት ኖረው መጠበቅ የለብዎትም። ነገ ጠዋት አጠገብዎ ላለው ኮሌጅ ይደውሉ።