የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዝሆኖቹ እውነት በዝተዋል?

ጥያቄ፦ ዝሆኖች እየበዙ ነው ወይስ እያለቁ ለማለት የስንት ዓመት ቆጠራ ይበቃል?

ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች፤ ከአንዱ ልጇ እስከ ሌላው ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ዓመት ይሄዳል። በ5 ዓመት ቆጠራ አንድ ልደት ብታዩ ነው። እኔ 20 ዓመት ካልሞላ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ጥያቄ፦ በጎርፍ ምክንያት ያልቆጠርንበትን ዓመት ዜሮ ብለን እንሙላው?

በፍጹም! ባዶውን ተዉት። ዜሮ ማለት ሄደን ፈልገን አጣን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አምና በአውሮፕላን 412 ዝሆን ቆጠርን፣ ዘንድሮ 489። በዝተዋል ብለን ሪፖርት እናድርግ?

ቆይ ወንድሜ! ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ጭማሪው 19 በመቶ ገደማ ነው። ዝሆን ሁሉ ነገር ቢመቻት እንኳ በወሊድ ብቻ በዓመት ከ7 በመቶ ብዙም አታልፍም። የቀሩት ከየት መጡ? ወይ ከሌላ አካባቢ ገብተዋል፣ ወይ አቆጣጠራችሁ ተለውጧል። አምና ዛፉ ቅጠል ለብሶ ነበር ወይስ ረግፎ? ቅጠል ሲረግፍ ጥላ ሥር የቆመው መንጋ ከላይ ይታያል፤ ዛፉ ሲለመልም ያው መንጋ እዚያው ቆሞ ሳይቆጠር ይቀራል። ስንት ሰዓት በረራችሁ? ስንት ሰው በመስኮት ያይ ነበር? ይህ ያልተጻፈበት ቁጥር ቁጥር አይደለም።

የምፈራው ምን መሰላችሁ? በዝተዋል ተብሎ ጥበቃው ይላላል። ከ100 አዋቂ ዝሆኖች በዓመት 3 ይሞቱ የነበሩት 6 ቢሆኑ የአንድ ዓመት ቆጠራ አያሳየውም። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ከነዚያ 100 ዝሆኖች 54 ይኖሩ የነበሩት 29 ብቻ ይቀራሉ። አንዲት አዋቂ እናት ስትሞት ገና 4፣ 5 ጊዜ ልትወልዳቸው የምትችላቸው ልጆችም አብረዋት ይቀራሉ። ጥሩ ሞዴል፣ ማለትም ቆጠራውን የሚያሰላ የሂሳብ ዘዴ፣ የመንጋውን መጨመርና መቀነስ ከቆጣሪው ስህተት ይለያል፤ የሚለየው ግን እናንተ እንዴት እንደቆጠራችሁ ስትጽፉለት ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ኤሊ ጎጆ ቁጥር ጨምሯል። እፎይ እንበል?

ገና ነው። አንዲት ኤሊ በአንድ የመጣያ ወቅት እንቁላል ደጋግማ ትጥላለች፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ዓመት ላትመጣ ትችላለች። ዛሬ የምትጥለውም ከብዙ ዓመታት በፊት የተፈለፈለችው ናት፤ ስለ ዘንድሮ ጫጩቶች ምንም አትነግራችሁም። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ስንት ሌሊት ዳርቻውን እንደጠበቃችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የ30 ዓመት መረጃ አለኝ፤ የአቆጣጠሩ ዘዴ ግን ሦስቴ ተቀይሯል። በኤክሴል መስመር ላስምርበት?

አታስምሪበት እህቴ። በዱር እንስሳት ቆጠራ የሠራ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ፈልጊ። ስትሄጂ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የመስክ ደብተሮቹን ይዘሽ ሂጂ።