ምላጭ አሳሳል ለጀማሪ፦ 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ አትቸኩሉ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ፣ ከደሴ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ የሚታጠፈው ምላጭ እንዴት እንደሚሳል ነው፣ ያ የድሮ ፀጉር ቤት የምታውቁት፣ እጄታው ውስጥ ገብቶ የሚተኛው። አሁን ፒያሳ ወርዳችሁ አንዱ ፀጉር ቤት ብትገቡ የምታዩት ቅርፁ እሱን ይመስላል ግን ግማሽ ምላጭ የሚገባበት ነው፣ እሱ አይሳልም፣ አንድ ሰው ተላጭቶ ሲነሳ ይጣልና አዲስ ይገባል። ለፀጉር ቤት ትክክለኛውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በደም የሚተላለፉ ናቸው፣ ምላጭ ደግሞ ባይታያችሁም ደም ይነካል። ስለዚህ ዛሬ የምንስለው የግል ምላጭ ነው፣ ለወንድምም አይዋስም፣ ተግባባን?

(ምላጩ ተከፍቶ በቅርበት ይታያል)

እስቲ ይሄን እዩት። ጀርባው ወፍራም ነው፣ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ይሳሳል፣ መጨረሻ ላይ ስለቱ። ከስለቱ ጥግ ላይ በብርሃን የምታብረቀርቅ ፀጉር የምታክል መስመር አለች አይደል፣ ሙሉ ስራችን እሷ ላይ ነው። አሁን ቢላ ስትስሉ ምን ያህል አጋድማችሁ እንደምትይዙ የሚወስነው እጃችሁ ነው። ምላጭ ላይ ግን ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፣ በቃ፣ ልኩን ጀርባው ይይዝላችኋል፣ ሁለቱ ጎን ተደምሮ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። እናንተ ምንም አታነሱም። እንደውም ቶሎ የሚያበላሸው ሰው ማን ነው ብትሉኝ ቢላ ስል ነው ያደግኩት የሚለው ነው፣ እጁ ለምዶበት ጀርባውን ትንሽ ብድግ ያደርገዋል፣ አለቀ።

ጀርባው እንዳይፋቅ የሚፈልግ አንድ ዙር ናስትሮ ይለጥፍበታል፣ ችግር የለውም፣ ግን ከጀመራችሁ እስከመጨረሻው ድንጋይ ድረስ በናስትሮ ነው የምትሄዱት፣ መሃል ላይ ከላጣችሁት ልኩ ይቀየርና ስለቱ ድንጋዩን መንካት ያቆማል።

ምላጩን ስትገዙ አንገቱ ላይ፣ ማለትም ስለቱ አልቆ ወደ እጄታው የሚሄድበት ጋ፣ ሶሊንገን ወይም ሼፊልድ የሚል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ አንዱ የጀርመን አንዱ የእንግሊዝ የስለት ከተማ ነው። ስሙ ብቻ ግን አያኩራችሁ፣ ዝገቱ ስለቱ ድረስ ገብቶ ነጥብ ነጥብ ከሰራ ተዉት። የተሸረፈም ለመጀመሪያ አይሁን።

ድንጋይ እንግዲህ። ሶስት ይበቃችኋል፦ 1000፣ 4000 አካባቢ፣ 8000። ቁጥሩ ሲያድግ ቅንጣቱ ይደቃል፣ 1000 ላይ ከ10 እስከ 15 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ነው፣ 8000 ላይ ከ1 እስከ 3። 12000ም አለ፣ ለጊዜው ይቆየን። እዚህ ከተማ 8000 ቁጥር ዝም ብሎ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ነገር አይደለም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስልኩ። 1000ው ከጠፋ ግን አብሽሩ፣ የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች በውሃ የሚሰራ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አላቸው፣ ወፍራም መስታወት ላይ በውሃ አጣብቃችሁ መጠቀም ይቻላል። ቁጥሩ ግን እንዳያምታታችሁ፣ የወረቀቱና የጃፓን ድንጋዩ አቆጣጠር ለየቅል ነው፣ ፊቱ ላይ ፒ2000 የሚለው ወረቀት ለ1000 ድንጋይ ነው የሚቀርበው። ወረቀት ላይ ስትሰሩ ስለቱን ወደፊት አትግፉ፣ ወረቀቱን ይቆርጠዋል፣ ጀርባውን አስቀድማችሁ ጎትቱ።

የቦርከና ወንዝ ድንጋይ ላይ ቢላ ይሳላል ምላጭ ለምን አይሳልም የሚልም አይጠፋም። የተፈጥሮ ድንጋይ ምላጭ አይስልም አልልም፣ ቤልጂየም ውስጥ ኮቲኩል የሚባል ቢጫ ድንጋይ አለ፣ ውስጡ ጋርኔት የሚባል ደቃቅ ጠንካራ ማዕድን ስላለበት ዓለም ላይ ምላጭ የሚስል ሁሉ ያውቀዋል። የወንዝ ድንጋይ ግን አንዱ ጋ ሻካራ አንዱ ጋ ለስላሳ ነው፣ አንዲት ትልቅ ቅንጣት ስለቱን ሸርፋ ትጥለዋለች።

አዲስ ድንጋይም ቢሆን ፊቱ ልክ አይሆንም። በእርሳስ ፊቱን መረብ አስመስላችሁ አስምሩበት፣ መስታወት ላይ ባለ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ እርሳሱ መሃል ላይ ከቀረ መሃሉ ጎድጓዳ ነው ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ትቀጥላላችሁ። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ከዛ ምላጩ ጫፉ ስል ሆኖ መሃሉ ዱልዱም ሲሆንበት ምላጩን ይሰድባል።

(ካሜራው ወደ ድንጋዩ ይጠጋል፣ ድምፁ ይሰማ)

አሁን 1000። ውሃ ያስፈልጋል፣ ቧንቧ የሌለበት ቀን ከሆነ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ምላጩን አስተኙት፣ ስለቱን አስቀድማችሁ ግፉ፣ ልክ ከድንጋዩ ላይ ስስ ነገር እንደምትልጡ። ጫፍ ስትደርሱ ስለቱን ሳይሆን ጀርባውን ሳትለቁ ገልብጡት፣ ጀርባው ድንጋዩን እንደነካ ስለቱ ወደ ላይ ዞሮ በሌላው ጎን ይተኛል፣ መልሳችሁ ግፉ። ድንጋዩ ከምላጩ ርዝመት ስለሚጠብ እየገፋችሁ ወደ ጎን ትስባላችሁ፣ ከአንገቱ በኩል ጀምሮ በጫፉ ያልቃል፣ ሁለቱን ጎን ስትደምሩት ኤክስ ይሰራል።

ውሃውን እዩት፣ ስለቱ በትክክል ሲነካ ከፊቱ ያለው ውሃ ይገፋና ምላጩ ፊት ላይ ይወጣል። እዚህ ጋ... አያችሁ ጫፉ ጋ ውሃው በስር አለፈ፣ አልነካም ማለት ነው። ማርከር ካላችሁ ደግሞ ያቺን የምታብረቀርቅ መስመር በሁለቱም ጎን ቀቡና ትንሽ ገፋ ገፋ አድርጉ፣ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልደረሰበት ነው። ያልነካ ካለ በጣት አትጫኑት፣ ብረቱ ስስ ስለሆነ ይጎብጥና የነካ ያስመስላል፣ እጃችሁን ስትለቁት ይመለሳል። የምላጩ ክብደትና ትንሽ የእጅ ክብደት ይበቃል።

እዚህ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሃያም ሊሆን ይችላል ሁለት ሰዓትም፣ እንደ ምላጩ ነው። ሰው የሚያጠፋው እዚህ ነው፣ እጁ ሲደክመው ቀሪውን 8000ው ያስተካክለዋል ብሎ ያልፋል፣ እሱ ግን ግድግዳው ሳይቆም ቆርቆሮ መምታት ነው። 8000 ያለውን ስለት ያለሰልሳል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ታዲያ 1000 መጨረሱን በምን እናውቃለን? አንደኛ በመብራት፣ ስለቱን ወደ አይናችሁ አዙራችሁ አምፖል ስር ስታዩት የትም ቦታ ምንም ማብረቅረቅ የለበትም፣ ስል ነገር ብርሃን አይመልስም፣ ነጥብ ካበራች እዛ ጋ ዱልዱም ናት። ሁለተኛ የእጅ ፀጉር፣ ከቆዳው ሳትርቁ ከአንገቱ በኩል ካለው ስለት፣ ከመሃሉ፣ ከጫፉ፣ ሶስቱም ቦታ እኩል ሊቆርጥ ይገባል። ሁለቱ ቦታ ቆርጦ አንዱ ካልቆረጠ ወደ 4000 አትሂዱ፣ ኧረ በፍፁም።

ከዛ በኋላ ያለው ቀላል ነው። 4000 ላይ የ1000ው ጭረት እስኪጠፋ፣ 8000 ላይ የ4000ው እስኪጠፋ፣ ማጉያ መነፅር ካለ በሱ እያያችሁ፣ በየድንጋዩ እጃችሁ እየቀለለ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ምላጩን ይዛችሁት ነው እንጂ አትጫኑትም። ድንጋይ ስትቀይሩ ምላጩንም እጃችሁንም ታጠቡ፣ የ1000 አሸዋ 8000 ላይ ከገባ ስራው ገደል ገባ።

(ቆዳው ተወጥሮ ይታያል)

ከ8000 ቀጥሎ የመጨረሻው ስራ ስለቱን ቆዳ ላይ ማመላለስ ነው። ቆዳ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል፣ ጀርባው ይቀድማል ስለቱ ይከተላል። ወፍራም ያልተቀባ ቀበቶ ይሆናል፣ እዚህ ታች ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እያለ ከውጭ ቆዳ የሚያስመጣ ሰው ይገርመኛል። ፕላስቲክ የተለበጠ የቻይና ቀበቶ ግን አይሆንም፣ ሰኞ ገበያ ስትገዙ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። አንዱን ጫፍ በር እጄታ ላይ አስራችሁ ወጥሩ፣ ሃምሳ ስልሳ ምልልስ፣ ስትገለብጡ እንደቅድሙ በጀርባው። ላላ ካለ ቆዳው ስለቱን ይጠቀልለዋል። ፍጥነት ምንም አይጨምርም፣ ያ ፊልም ላይ ሻ ሻ የሚያደርጉት ለካሜራ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ጉንጫችሁን ብቻ ተላጩ፣ አገጭና ከንፈር ላይ አትሞክሩ። የደሴ ጠዋት ውሃው በረዶ ነው፣ አሙቁት፣ ፀጉሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና አረፋ ይለስልስ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር፣ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ አጋድማችሁ ከላይ ወደ ታች። ከጎተተ መጀመሪያ ቆዳ ላይ መልሱት፣ አሁንም ከጎተተ 8000፣ እዛም ካልተስተካከለ ወደ 1000 ተመለሱና ማርከሩን ቀቡ።

ከተላጫችሁ በኋላ አድርቁት፣ እንደገና በጨርቅ አድርቁት፣ ይሄ ብረት አይዝጌ አይደለም፣ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ በሚገባበት ሰፈር ደግሞ በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ በጣት ቀቡት፣ መታጠቢያ ክፍል አታስቀምጡት። ቆዳ ብቻ የማያነሳው ጊዜ ሲመጣ 8000 ላይ አስር አስራ አምስት ጊዜ መለስ መለስ ማድረግ ነው፣ 1000ውን ካልተሸረፈ በስተቀር አትንኩት።