ምን ትጠብቃለህ?

እንደምን አደራችሁ! ከመንዝም፣ ከመርሐቤቴም፣ ከዚሁ ከከተማውም የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ በዚህ ብርድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስብሰባ የጠራ ሰው ብሩህ ተስፋ እንዳለው ሳይለካም ይታወቃል።

እኔ ከሠራዊት ወጥቼ ነው ኮሌጅ የገባሁት። ዛሬ የማወራችሁ የሰውን ብሩህ ተስፋ ስለሚለካ አንድ መጠይቅ ነው። ሻየርና ካርቨር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በፈረንጆቹ 1985 አወጡት፤ በ1994 ተሻሻለ። አሥር ዓረፍተ ነገር አለው። ነጥብ የሚያዘው ግን በስድስቱ ነው። አራቱ ተጠያቂው ምን እየተለካ እንደሆነ እንዳይነቃ የገቡ ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱ በጎ በጎውን፣ ሦስቱ ክፉ ክፉውን ያወራሉ። የክፉዎቹ ነጥብ ተገልብጦ ይደመራል፤ በክፉው የተስማማ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኛል። ጣሪያው 24 ነው።

ለክፍል ሥራ ወደ አማርኛ መለስኩትና አብሮኝ ለሚማር የቀድሞ ወታደር ሰጠሁት። ይሄ ሰው ሁሌም በሩ አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። መልካም ነገር ትጠብቃለህ ወይ የሚለው ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ። «ዘብ ቆሜ መልካም ነገር ጠብቄ አላውቅም» አለኝ።

ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በእኛ ቋንቋ ምሽግ መጠበቅም፣ ነገን መጠበቅም አንድ ቃል ነው። ወታደር ደግሞ ክፉውን ቀድሞ እንዲያስብ ነው የሰለጠነው። ያ ልማድ ነፍሱን አትርፎለታል። መጠይቁ ላይ ግን ነጥብ ያስጥለዋል።

9 አገኘ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ተስፋ የቆረጠ ነው ይለዋል። ሰውዬው እኮ የመጪውን ሴሚስተር ሂሳብ ከአሁኑ እያጠና ነው! አንዱ ጥያቄ ጎን ደግሞ «እሱ ያውቃል» ብሎ ጽፏል። ስንት ልስጠው? እናቴ ብትሆን ሙሉውን ትሰጠው ነበር።

አሜሪካኖቹ ከፈረንጆቹ 1944 ጀምሮ ከጦር ሜዳ የተመለሰውን በመንግሥት ወጪ የሚያስተምሩበት ሕግ አላቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ የቀድሞ ወታደር ብርቅ አይደለም። መጠይቃቸውን መዋስ ነውር የለውም። መምህራኖቻችንን የምለምነው ግን የበጎውንና የክፉውን ነጥብ ለየብቻ እንድታዩልን ነው። ደግሞ አንዴ ለክታችሁ አትተዉን፤ ስንገባም፣ ልንመረቅ ስንልም ጠይቁን።

የተረጎምኩት ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እርሳስም አለ። ከሠራዊት የወጣችሁ፣ አትሙሉት። ሌላ ትርጉም የሰጣችሁን ቃል ብቻ አክብቡልኝ። ጓደኛዬ እዚያው ተቀምጧል፤ ወንበሩን ግን አይለቅላችሁም።